የሀብትነሽ ተዝካር

አቶ ይሄይስ በዚያ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ከማንም ጋር የመጨዋወት ሐሳብ አልነበራቸውም። ለአራት መቶ ሰው የሚበቃ ድንኳን ሲፈልጉ ውለው፣ አግኝተውም አስይዘው ወደ መንደራቸው ወደ ሾላ ሜዳ መመለሳቸው ነው። ሾላ ሜዳ ከቡሬ ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ ትገኛለች። አብዛኛው ነዋሪዋ ኦርቶዶክስ ነው፤ በመካከሉ ግን ስድሳ ያህል የካቶሊክ ቤተሰብ የቅዱስ ዮሴፍ ቁምስና ወይም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሆኖ ይኖራል። አቶ ይሄይስ የዚያች ቤተ ክርስቲያን አናጺ ናቸው። በሩንም፣ መስኮቱንም፣ አግዳሚ ወንበሮቹንም በእጃቸው የሠሩ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሰው ናቸው።

ጊዜው ጥቅምት 2013 ነበር። ለኮሮና የታወጀው አዋጅ ከተነሣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሚኒባሱ እንደ ድሮው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ረዳቱም በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ያጠጋጋል። አቶ ይሄይስ ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው እንደተቀመጡ ከጎናቸው ያለችው ወጣት በትሕትና፣ «ጋሼ ይሄይስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማስክዎን ከፍ ቢያደርጉት» አለቻቸው።

ዞር ብለው ቢያዩ ሜላት ናት፤ የጎረቤታቸው የአቶ ክንፈሚካኤል ልጅ። ፍኖተ ሰላም አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣለች። አቶ ይሄይስ በዚያ ሰዓት አጠገባቸው እንዲቀመጥ የማይፈልጉት ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

ምክንያት ነበራቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ ሰኔ ላይ በኩላሊት ሕመም ሞተዋል። ወሩ የክልከላ ወር ነበርና ድንኳን አልተተከለም፣ ዕድርተኛውም አልወጣም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሬሳ ሲሸኙ የኖሩት ሴት በአሥራ ሁለት ሰው ተቀበሩ። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆማ፣ ከዚህ በላይ ሰው አይገባም ስትል የነበረችው ይህችው ሜላት ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ከተከፈተ በኋላም ቁጣቸው አልበረደም። ግማሹ አግዳሚ ወንበር ወጥቶ ዕቃ ቤት ተከምሯል፤ በቀረው ላይ መቀመጫው በቀይ ቀለም ተሰምሯል፤ መስቀል መሳለምም ቀርቷል። ይህን ሁሉ ያስወሰነው እሷ ያለችበት የቁምስናው የጤና ኮሚቴ ነው።

ስለዚህ ማስካቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ» አሏት፣ «ዛሬ ቡሬ ገበያ ብትወርጂ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ነው። ይህ መኪናም ይኸው እንደ ጆንያ ጠቅጥቆናል። ማንም ሜትር ይዞ አልመጣም። ሜትር የሚያዘው እግዚአብሔር ቤት ላይ ብቻ ነው? ጤፍ ለመሸመት ስንጋፋ ያልገደለን በሽታ ስንቆርብ ነው የሚገድለን?»

ጥያቄው የብልጣ ብልጥ ጥያቄ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ብዙ ቅን ሰዎች ይጠይቁት የነበረ ነው፤ መልስ የሚሰጣቸው ግን ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ሹም ማዘዝ እንጂ ማስረዳት አይወድም። ሜላት ግን አላቃለለችውም። የገበያው ግፊያም ጥፋት መሆኑን፣ ይህንንም ለወረዳው ሰዎች ደጋግማ መናገሯን ገለጸችላቸው። ሆኖም ገበያ የሚወጣው ጉልበት ያለው ሰው ነው፤ አቅመ ደካማው ሰው ይልካል። ቤተ ክርስቲያን ግን ማንም በሌላ ሰው ሊያስቀድስ አይችልምና ሽማግሌውም፣ አስም ያለበትም፣ ስኳር ያለበትም ራሱ ይመጣል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት አብሮ ይዘምራል። በክረምቱ በእጇ ላይ ያረፉ ሁለት አረጋውያን እንደነበሩ፣ ሁለቱም በሽታውን ያመጡት ከሚወዱት ሰው ቤት እንደነበረ ነገረቻቸው። አዋጁ የተነሣው ሰው መኖር ስላለበት ነው፤ በሽታው ግን አዋጁን ሰምቶ አልሄደም አለቻቸው።

አቶ ይሄይስ እየሰሙ ነበር፤ መስማታቸው ግን አበሳጫቸው። የተናገረችው እውነት ሊሆን እንደሚችል ሲያስቡ በአሥራ ሁለት ሰው የተፈጸመው ቀብር ዓይናቸው ላይ ይመጣል።

«ስሚኝ» አሉ። «ሀብትነሽን ዘመድ እንደሌላት ባዕድ ቀበርናት። የአርባዋም ቀን እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ። አሁን አዋጁ ተነሥቷል። አራት መቶ ሰው ጠርቼ፣ በሬ ጥዬ ስሟን አስጠራለሁ። በዚያ ቀን ደግሞ በር ላይ የሚቆም ሰው አልፈልግም።»

 ሜላት ሚኒባሱ ማንኩሳን እስኪያልፍ ድረስ በመስኮቱ ውጭውን፣ ሊታጨድ የደረሰውን ጤፍ ስታይ ቆየች። ስትናገር ድምጿ ተለውጦ ነበር።

«ጋሼ፣ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሕጉን ሳስከብር እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንኳ እግዜር ያጥናዎት አላልኩዎትም። ለዚያ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ግን እኔም ተቆጥቻለሁ፤ በርስዎ ብቻ አይደለም፣ በአባቴም በራሴም ጭምር ነው። የተከለከለው መሰብሰብ ነበር እንጂ መጠየቅ አልነበረም። አንድ ሰው ማስክ አድርጎ፣ ደጅ ላይ ቆሞ እንዴት ዋላችሁ እንዳይል ያወጀ መንግሥት የለም። እኛ ግን አምስት ወር በራችንን ዘጋን። ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ደግሞ ወንበር ጠበበን ብለን ተጣላን። ለመሆኑ እማማ ወለተ ሐናን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

ወለተ ሐና ከሁለተኛው ወንበር ዳር የማይጠፉ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው አሮጊት ናቸው። አቶ ይሄይስ አሰቡ። ቤተ ክርስቲያኑ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ ዳር ሌላ ሰው ሲቀመጥ አይተዋል። ያንን ሰው ስለ ቀዩ መስመር ሲያማርሩለት ቆይተው፣ አሮጊቷ የት ገቡ ብለው ግን አልጠየቁትም። ይህ ሲገባቸው ፊታቸው ጋለ፤ ኀፍረቱንም በቁጣ አወጡት። ስብከት ከፈለጉ የቁምስናው ቄስ አባ ወልደ ዮሐንስ እንዳሉላቸው፣ ከልጅ ልጅ እኩያ ተግሣጽ እንደማይሹ ነገሯት።

ቡሬ ሲደርሱ ወደ ሾላ ሜዳ የሚሄድ አንድ ባጃጅ ብቻ ቆሞ ነበርና ሳይወዱ አብረው ተሳፈሩ። ወለተ ሐና ደጅ ሲደርሱ ሜላት ባጃጁን አስቆመች። ልትጠይቃቸው እንደምትገባ፣ አብረዋት ባይገቡም እንደማትቀየማቸው ነገረቻቸው። አቶ ይሄይስ የፈሩ እንዳይመስሉ ብለው ወረዱ።

ደጁ ላይ ተናኜ የምትባል ሴት ልብስ ታሰጣለች። የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ተከታይ፣ የገበሬ ሚስት፣ የአምስት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷ ከአሮጊቷ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። የምታሰጣው የወለተ ሐናን ልብስ ነበር። ሐምሌ ላይ አሮጊቷ ጭቃ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሲጮኹ ሰምታ ያነሣቻቸው እሷ ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። ሜላት ነገሩን ያወቀችው ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

ወለተ ሐና መደቡ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ሞራ ስለሸፈነው ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። አቶ ይሄይስ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አሮጊቷ ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ይሄይስ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ወለተ ሐና። እንዴት ከረሙ?»

«ሚስትህ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር» አሉ አሮጊቷ፣ ለሰላምታው ሳይመልሱ። «ያ ነገር ሲከለከል እንኳ አልቀረችም። ምግቡን ደፉ ላይ ታስቀምጥና ራቅ ብላ ቆማ ታጫውተኝ ነበር። ሰኔ ላይ ቀረች። ምን ተናግሬ አስቀየምኳት ብዬ ያልኩትን ሁሉ ሳስታውስ ከረምኩ። በኋላም እኔው ተቀየምኳት። ወድቄ ተናኜ ያነሣችኝ ጊዜ ነው መሞቷን የሰማሁ። ከእናንተ ማንም አልነገረኝም። እስከዚያ ድረስ የሞተች ሰው ተቀይሜ ነበር፣ ይሄይስ።»

አቶ ይሄይስ ባሉበት ቆመው ቀሩ። ሀብትነሽ ሐሙስ ሐሙስ አገልግል አንጠልጥላ ስትወጣ ለጸሎት ማኅበር ይመስላቸው ነበር። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ቀን የት ነው ብለው አልጠየቋትም። ማስካቸውን ከአገጫቸው ወደ አፍንጫቸው ሳቡት።

ሲወጡ ተናኜ አጥሩ ድረስ ተከተለቻቸው። አነጋገሯ ጨዋ ነበር፤ ቃሉ ግን ጥፊ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ለጽድቅም አልቆጥረው፤ ጎረቤቴ ናቸው። ቄሳችሁ ሦስት ቁምስና ይዘው ይንከራተታሉ ሲሉ እሰማለሁ፣ በሳቸው አልፈርድም። ግን እናንተ ስድሳ ቤት ናችሁ።»

ያን መንገድ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አቶ ይሄይስ ከፀሐዩ ይልቅ ንዴቱ አቃጠላቸው። በመጀመሪያ በተናኜ ተናደዱ፣ በሷ ግን ምንም ጥፋት ሊያገኙ አልቻሉም። ከዚያ በሜላት፣ በአዋጁ፣ በበሽታው ተናደዱ። ሁሉም እያለቀ ሲሄድ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የቁምስናው ጉባኤ በግቢው ተሰበሰበ። የዕለቱ ጉዳይ ቀዩ መስመር ይጥፋ፣ ወንበሩ ይመለስ የሚል ነበር፤ ይህንንም ያመጡት አቶ ይሄይስ ራሳቸው ናቸው። አባ ወልደ ዮሐንስ እንዲናገሩ ሲጋብዟቸው ተነሥተው፣ ጥያቄያቸውን ማንሣታቸውን፣ ድንኳኑንም እንደሚያስቀሩት ተናገሩ። ጉባኤው አጉረመረመ። የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው አቶ ዘሩ፣ ያለ ተዝካር ቢቀሩ አገር ምን እንደሚላቸው፣ ሟቿም ሁለተኛ እንደምትዋረድ በምሬት አስረዱ።

«ዘሩ» አሉ አቶ ይሄይስ፣ «አገር ምን ይለኛል ብዬ ነው ድንኳን የያዝኩት። ለሀብትነሽ አልነበረም፤ ለተዋረድኩት ለራሴ ነበር። እሷ ስታበላ የኖረችው ሰው ተረስቶ ሳለ፣ እኔ የጠገበ ሰው ሰብስቤ በስሟ ላበላ ነበር። አራት መቶ ሰው አፍኜ በበሽታ ባስይዝ ደግሞ ማን ያነሣቸዋል? ተናኜ ናት? እሷስ ስንቱን ታንሣ? ወንበር ጠበበን ትላላችሁ። አንዲት ሰው ከወንበሯ ጠፍታ አራት ወር ሙሉ ማናችንም አላየንም። ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ የነበረችው በአዋጅ ነው፤ እኛን ማን ዘጋን?»

 አባ ወልደ ዮሐንስ ተነሡና፣ ከሁሉ በፊት እሳቸው በደለኛ መሆናቸውን፣ ለሕሙማን ቁርባን ማድረስ የካህን ግዴታ ሆኖ ሳለ በክረምቱ መንገድና በፍርሃት አሳብበው መቅረታቸውን በጉባኤው ፊት ተናዘዙ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከጠብ ወደ ሥራ ዞረ።

የሆነውም ይህ ነው። የሀብትነሽ ፍትሐት በግቢው ከሾላው ዛፍ ሥር፣ ሰዉ ተራርቆ ቆሞ ተደረሰ። የታሰበው በሬ ታርዶ ሥጋው ለአቅመ ደካሞች ቤት ለቤት ታደለ፤ ካቶሊክ ነው ኦርቶዶክስ ነው አልተባለም። ሜላት መንደሩን በስድስት ከፍላ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጠያቂ መደበች፤ ጠያቂዎቹ ማስክ አድርገው ደጅ ላይ ይቆማሉ፣ የጎደለውን ሰምተው ይሄዳሉ። እህል በሚሰበሰብበት ወር ቅዳሴው ሁለት ጊዜ ሆነ፣ ለአረጋውያን ማልዶ፣ ለሌላው ረፈድ ብሎ። ቀዩም መስመር አላጣላም።

ጥቅሙ ለመታየት ጊዜ አልፈጀበትም። ከገና በፊት ጠያቂዎቹ ለወራት ሲያስሉ የከረሙ አንድ አባወራ አግኝተው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፤ ሕመሙ ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘና ልጆቻቸው ሳይያዙ ሕክምና ጀመሩ። ከትምህርት ቀርታ የነበረች አንዲት ልጅ ደብተር ተገዝቶላት ተመለሰች። የተናኜ ባል እህሉን ሲያጭድ የቁምስናው ወጣቶች ደቦ ወጡለት። አባ ወልደ ዮሐንስም በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ ቅዱስ ቁርባንን ለወለተ ሐና ያደርሳሉ። አንባቢ ሆይ፣ ጥንቃቄና ፍቅር የሚጣሉ የሚመስሉት ፍቅር ሕዝብ በመሰብሰብ ብቻ በሚለካበት ስፍራ ነው። ርቀትህን ጠብቀህ መቅረብ ይቻላል፤ ተጠጋግተህ ተቀምጠህም ጎረቤትህን ላታውቀው ትችላለህ።

የሐሙሱን ተራ አቶ ይሄይስ ለማንም አልሰጡም። ወጥ ሠርተው አያውቁምና በመጀመሪያው ሐሙስ ሽሮውን ሦስት ጊዜ አሳርረው፣ አራተኛውን በሳሕን አድርገው ይዘው ሄዱ። ደፉ ላይ አስቀምጠው ራቅ ብለው ቆሙ። ተናኜ አሮጊቷን አጎረሰቻቸው። ወለተ ሐና ቀስ ብለው አላመጡና፣ ሀብትነሽ ጨው ትጨምር እንደነበር ተናገሩ።

አቶ ይሄይስ እየተነጫነጩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጨው ጨመሩ።