ሦስተኛ ፎቅ የቀረው ዋይፋይ

ልብስ ሰፊዋ የኮቱን እጅጌ የስፌት መኪናው መርፌ ሥር አስገባች። ጎረቤቷ ልብስ አጣቢዋ የተተረተረ ቀሚሷን ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች። የኮቱ ባለቤት፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በሩ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ይሸለማል፤ ለችግረኛ ቤተሰቦች ኢንተርኔት በማስገባቱ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ለጎረቤቷ ብቻ የምታወራ መስላ ጀመረች።

«ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ እቴ? እሱ እኮ ብርድ ነው... ምድር ቤት መቼ እርጥበት አጥቶ ያውቃል። ቀሚሱን እሰፋልሻለሁ፣ ቆይ ይቺን ልጨርስ። ኮቱ ደረቱ ላይ ጠቧል። ዘንድሮ ደረት ሰፋ መሰለኝ።

ትናንት ስለ ደግ ሰው ስናወራ አልነበር? አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ስም ምን ያደርግልሻል፣ ደጎች መመስገን አይወዱም... ያ በጎ አድራጎት ድርጅት ለኛ ለምድር ቤቶቹ ዋይፋይ ሲያመጣ፣ ‹ልጆቻችሁ ቤታቸው ሆነው ይማሩበት፤ መጥፎ ነገር እንዳያዩም ማጣሪያ አለው› ብለው ዕቃውን ለማን ሰጡ? ለታመነ ሰው ነዋ። እሳቸውም አደራ ያውቃሉ። ኮሪደር ላይ ቢሰቀል ሌባ ይወስደዋል ብለው ሰጉ። ስለዚህ... እሳቸው ቀድመው ወሰዱት።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ጎን። እንደሳቸው ያለ ጠባቂ ከየት ይመጣል? ኳስ ሲያዩበት እንኳ ዓይናቸውን ከሱ አልነቀሉም። ታች አይደርስም ስንላቸው ‹ግድግዳው ነው› አሉን። እውነታቸውን ነው። ግድግዳ ምን አንጀት አለውና ይራራል?»

ጋዜጣው አንድ ገጽ ላይ ቆሞ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ መኪናውን አንዴ ረገጥ አድርጋ ቀጠለች።

«ልጄ የነርስነት ፈተናዋን በኢንተርኔት አይደል የምትፈተነው? ሄዳ ደጃፋቸው፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። እዚያ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ምን ይጎድላቸዋል! ፈተናው ሲጋመስ በሩ ተከፈተ። ብርድ እንዳይመታት አዝነው ይሆናል... ‹ደረጃው ማረፊያ አይደለም፣ ቤትሽ ውረጂ› አሏት። ተመልሳ እንዳትደክምም ፓስወርዱን ወዲያው ቀየሩት። ለደኅንነታችን ነው አሉ። ደግሞም ልክ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም መጥፎ ነገር አላየን። ጥሩም አላየን።

ልጄ ወደቀች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከረመች፤ የማበላት ነገር ሁሉ አፏ ውስጥ ይዞር ነበር። እኔ ግን ቅር አላለኝም። ደግ ሰው ላይ ቅር ይባላል እንዴ?

ይልቅ ይህን የመሰለ ውለታ ሳይነገር አይቅር ብለን እኔና አንቺ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። ኃላፊዋ እንዴት እንደገረማት አየሽ አይደል? ‹ምድር ቤት በየቤቱ ገብቷል ተብሎ ነው ሪፖርት የደረሰን› አለች። ሰው ትሕትና ሲበዛበት እኮ... ሳሎኑንም ምድር ቤት ይለዋል።

አሁን ራሷ ቴክኒሻን ይዛ በጓሮ በር ስትገባ አላየሻትም? የኚያ ደግ ሰው ባለቤት ሳሎኑን ከፍተውላቸዋል። ዕቃውን አውርደው እኛ ኮሪደር ጣሪያ ላይ ሊሰቅሉት ነው። ልጄንም ትምህርት ቤቱ በሚመጣው ዙር ተፈተኚ ብሏታል፤ ትናንት ደብተሯን ገልጣ አየኋት። ስለ ሽልማቱ ስንጠይቃት ‹እናየዋለን› ነው ያለችው ኃላፊዋ። ኮት እንደሆነ አይበላሽ፣ ለሌላ ቀን ይሆናል...»

ከኮሪደሩ የመሰርሰሪያ ድምፅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ጋዜጣውን አጠፈና ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ኮቱን አራግፋ በሁለት እጇ አቀበለችው፣ ከወገቧም ዝቅ አለችለት። ከዚያ ፊቷን ወደ ጎረቤቷ መለሰች።

«በይ እንመርቃቸው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው። ልጆቹ የሚቸግራቸው ቀን ቢመጣም እግዜር ሌላ ቦታ አያንከራትታቸው... ልክ እንደ አባታቸው ያለ ደግ ሰው ደጃፍ ያድርሳቸው። አሜን በይ እንጂ።»