ነጩ መስመር

ከቢቸና ሞጣ የሄድኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለጠብ ነበር። ጋሽ አየነው የሚባሉ የሞጣ መካኒክ የፒክአፔን ክሮቸራ፣ ዘንጓ ላይ ያለውን መስቀል መሳይ ብረት፣ ቀየሩልኝ፤ ከወር በኋላ መኪናዋ ስልሳ ላይ ስትደርስ ጥርስ የሚያንገጫግጭ መንቀጥቀጥ አመጣች። ጎማ ባላንስ አስደረግሁ፣ ጎማም ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! ቢቸና ላገኘሁት ሁሉ «ሰውዬው አሮጌ ዕቃ ገጥሞ ሸወደኝ» እያልኩ ከረምኩ።

ደርሼ ጮኽኩባቸው። እሳቸው ከመኪናዋ ሥር ገቡና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ በጨርቅ ጠራረጉት።

«መጋጠሚያው ላይ በነጭ ቀለም ያሰመርኩት የት ሄደ?» አሉኝ።

«የምን መስመር?»

«ሁለቱ ክፋይ ሲገጠም መስመሩ ካልተገናኘ ይንቀጠቀጣል። ፈትተኸው ነበር እንዴ?»

ፈትቼው ነበር። በወሩ ግራሶ ልቀባው ብዬ ፈታሁት፤ ቆሻሻ ስለማልወድ በናፍጣ አጥቤ፣ ያችን ነጭ ነገር በብሩሽ ፈትጌ አስለቅቄ፣ መልሼ ገጠምኩት። እኔው! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ አየነው ዘንጉን አስተካክለው ገጠሙና አዲሱን ምልክት በመሮ መቱት። «ይኼ እንኳ አይታጠብም» አሉ።

ስመለስ መኪናዋ በሰማንያም ጸጥ አለች። ቢቸና ስደርስ አንድ ወዳጄ «እህ፣ ሰውዬውን ልክ አስገባኸው?» ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት። ፈገግ አለና «ሽማግሌ ገብቶ አስታርቋችሁ ነው» አለኝ። ይኸው እስካሁን እየዞርኩ ለሁሉም እናገራለሁ። እሳቸውን ሳማ ያላመነኝ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ስል ግን የሚያምነኝ አጣሁ።