የእሁዱ ጦርነት

ወደ ሰባታሚት በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት የጦረኛ ካባ ታቅፏል። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ጠየቁት።

«ለሠርግ ነው?»

«አይ አባባ፣ ለጨዋታ ነው። እሁድ ሐይቁ ዳር የድሮ ጦርነት እናሳያለን፤ በቀለም ጥይት እንታኮሳለን።»

«ከየትኛው ወገን ነህ?»

«ከተሸናፊው። ዕጣ ደረሰኝ። መጀመሪያ የምወድቀውም እኔ ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ሰነበትሁ።»

«እኔስ ሳልለማመድም እወድቃለሁ። ማን ሊያይህ ይመጣል?»

«እናቴ። ታላቅ ወንድሜ ጦር ሜዳ ሄዶ ከቀረ ወዲህ ለጨዋታ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።»

«የሚተኩሱብህ ቀለም ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ» አለ ወጣቱ።

«ሌላ የለም?»

«ሰማያዊ አለ። ቆይ፣ ለአዘጋጁ ልደውል።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ተነጋግሮ እስኪጨርስ ግን «ወራጅ» አላልሁም።