ለማመሳከሪያ የተቀዳ ደም

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እኅቴ፣ ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው የተወለዱ ሲሆን፣ እኛ ታናናሾቻቸው ጉንፋን በነካን ቁጥር ስንጋደም እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ታመው ሳይተኙ በማደጋቸው፣ እናታችን «ይችስ ከብረት ነው የተሠራች» እያሉ ይደነቁባቸው ነበር።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በላቦራቶሪ ሙያ ከተመረቁ በኋላ፣ የሕዝቡን የቫይታሚን እጥረት በደም ናሙና በሚያጠና ተቋም ተቀጥረው፣ የማቀዝቀዣ ድምፅ በማያባራበት ጠባብ ክፍል፣ ከየከተማው በበረዶ ሣጥን የሚመጣውን ደም ሲመረምሩ ኖረዋል። ከተቋሙ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ ባለቤታቸውም ናሙና አዘገየህ ተብለው በገዛ ሚስታቸው መገሠጻቸውን እስከ ዛሬ በኩራት ያወራሉ።

በዚያ ክፍል፣ ማሽኑ በትክክል መለካቱን ለማረጋገጥ ከሕዝቡ ናሙና አስቀድሞ የጤነኛ ሰው ደም ይለካ ነበርና፣ ከውጭ የሚገዛው ማመሳከሪያ ደም ሲቋረጥ ባልደረቦቻቸው «ከአንቺ ወዲያ ጤነኛ ከየት ይምጣ?» ብለው እጃቸውን አስዘረጓቸው፤ «ጤነኛዋ» የሚል ስምም ወጣላቸው። ከዓመታት በኋላ የደማቸው ቫይታሚን ዝቅ ብሎ መነበብ ሲጀምር እሳቸውን የጠረጠረ አልነበረም። «ማሽኑ አርጅቷል» እየተባለ፣ የእሳቸው ደም የጥንቱን ውጤት እስኪያሳይ ድረስ ማሽኑ ይስተካከል ነበር። የሚያስተካክሉትም ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ እግራቸው ይደነዝዝ ጀመር፤ ደረጃ መውጣትም አቃታቸው። ሌላ ሐኪም ቤት ሲመረመሩ፣ ሆዳቸው ቢ አሥራ ሁለት የተባለውን ቫይታሚን መቀበል ካቆመ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ተነገራቸው፤ መርፌው ቢጀመርላቸውም የተጎዳው ነርቭ ሊድን አልቻለም። ነገሩን ወዲያው የተረዱት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው የጎደለ ደም የተስተካከለ ማሽን የሌላውንም ጉድለት ሙሉ አድርጎ ስለሚያነብ፣ እጥረት የለባቸውም ተብለው የታለፉት ከተሞች ሁሉ በስሕተት ታልፈው ሊሆን ይችላል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

ናሙናው እንደገና ይለካ ብለው እንዲያመለክቱ ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በየቢሮው ብታደርሳቸውም፣ ናሙናው ተወግዷል፣ ጥናቱም ተዘግቷል ተባሉ። የክፍሉ ኃላፊ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው «ተይው በቃ፣ አሁን ምን ይደረጋል?» አሉ፤ ሰውዬው ክፉ ሆነው ሳይሆን መላ ጠፍቷቸው ነው። ባለቤታቸው መኪና አስነሥተው ከታለፉት ከተሞች ወደ አንዱ ሄደው ሰዉን ዳግመኛ ተመርመሩ ብለው ቢለምኑ፣ «ደህና ናችሁ ተብለናል እኮ አባባ» ብለው ሣቁባቸው። ቤት ሲመለሱ እኅቴ ነገሩን ከፊታቸው አነበቡት።

አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ሳንባቸው ታሞ፣ እኛም ዙሪያቸውን ከብበን ከማየት በቀር ምንም ማድረግ ሳንችል፣ ትናንት ማለዳ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ጨምሮ እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። እዚህ የቆማችሁ፣ እግሩ የሚደነዝዝ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ከዚህ ቀደም ደህና ነህ ቢባልም እንኳ ዳግመኛ እንዲመረመር እንድነግራችሁ እኅቴ አዘውኛል፤ ይኸው ተናገርሁ፣ ከዚህ ያለፈ አቅም የለኝም።

አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛስ በሕይወት ሳሉ ልናሳርፋቸው አልቻልንም።