ልብን በእሳት ወይስ በበረዶ?

ከጂንካ ወደ አልዱባ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለችው ቅቤ ነጋዴ ያወጋሉ።

“ልቤ እንደ ፍየል እየዘለለች ማሳ ላይ ጣለችኝ። የአዲስ አበባው ሐኪም በደም ሥሬ ቀጭን ሽቦ እስከ ልቤ አስገብቶ፣ የምትረብሸኝን ቦታ ሊያጠፋት ነው።”

“በምን፣ ጋሼ?”

“በእሳት፣ በበረዶ ወይም በኤሌክትሪክ።”

“ኤሌክትሪኩን ይተዉት! መብራት ሲጠፋ ልብዎ ውስጥ ሻማ ሊያበሩ ነው?”

“እሳቱንም አልፈልግ። እዚሁ ሰፈር ደረቴን በጋለ ብረት ብተኮስ፣ ልቤ ጭራሽ ዝላይዋን ጨመረች።”

“በረዶውስ?”

“እሱ ይሻላል። እንደኔ በረዶ አይታ ስለማታውቅ ደንግጣ ትረጋለች።”

“ሐኪሙ ‘ለእርስዎ የሚሆነው እሳቱ ነው’ ቢልስ?”

“ታዲያ ይጥበሰኛ! ልጄ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች፤ እኔ በእግሬ ቆሜ ልድራት እንጂ ስለ ማገዶው ምን አገባኝ?”

አልዱባ እስክንደርስ ድረስ የራሴን ልብ እያዳመጥኩ መዳፌን ከደረቴ ላይ አላነሳሁም።