አጎበር ለርግቦች

ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት ስለቅም የምውል አራሚ ነኝ። ሰው ሲሳሳት ማየት አይደንቀኝም፤ «ተሳስቻለሁ» ሲል መስማት ግን ብርቅ ነው። በቅርቡ ያንን ብርቅ ነገር በጆሮዬ ሰማሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ጡረታ የወጡትን ፖስተኛ ጎረቤቴን ሁለት ባዶ ቅርጫት አንጠልጥለው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከርግቦቻቸው በቀር ቤታቸው ውስጥ የሚሰማ ድምፅ የለም።

«ጋሼ፣ ቅርጫቱ ለምንድን ነው?»

«ርግቦቹን ለሰው ልሰጥ ነው። ፈንጣጣ ገብቶ አራት ሞቱብኝ፤ ዘጠኝ ታመዋል። ዓይኔ እያየ ከሚያልቁ ይሂዱልኝ።»

አዘንኩላቸውና አብሬያቸው ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታጠናው የወንድማቸው ልጅ ጓሮ ውስጥ በውሃ በርሜሉ ላይ አጎንብሳ አገኘናት።

«አጎቴ፣ ይህን በሽታ የሚያዛምተው ቢምቢ ነው» አለች። «የታመመውን ነክሳ ወደ ጤነኛው ትሄዳለች። እርስዎ ደግሞ የታመሙትን ‹ቀዝቃዛ አየር ይሻላቸዋል› ብለው ቢምቢ ከሚፈለፈልበት በርሜል አጠገብ አስቀመጧቸው። በቁጥር ላሳይዎት እችላለሁ።»

«አርባ ዓመት ርግብ አርብቻለሁ፤ ቁጥር ርግብ ሲያድን አላየሁም።»

«ቁጥሩ አያድንም፤ የበሽታውን መንገድ የት እንደምንዘጋ ያሳየናል። ጥያቄው አንድ የታመመ ርግብ እስኪድን ድረስ በቢምቢ በኩል ስንት ሌላ ያስይዛል ነው። ከአንድ ከበለጠ በሽታው ይሰፋል፤ ከአንድ ካነሰ እየከሰመ ይጠፋል። የታመሙበትን ቀን ጽፈው ስለያዙልኝ አስልቼዋለሁ። እዚህ ቤት ሁለት ተኩል ነው።»

«ግማሽ ርግብ የት ታይቶ ያውቃል?»

«አማካይ ነው፣ አጎቴ። በርሜሉን ከከደንን፣ ለታመሙት አጎበር ከዘረጋን ግን ከአንድ በታች ይወርዳል። አሁን ያሉት ቢምቢዎች እስኪያልቁ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ያህል ይታመማሉ። ከዚያ ያቆማል።»

«ለርግብ አጎበር! ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እኔ ምንም አልልም» አልኩ፤ ሳቄን ለማፈን ፊቴን አዙሬ።

«ካላቆመስ?» አሏት።

«ካላቆመ ርግቦቹን ራሴ አወጣልዎታለሁ፤ ሒሳብ የሚባል ነገርም ፊትዎ አላነሳም።»

ተስማሙ፤ በርሜሉ ተከደነ፣ አጎበሩም ተዘረጋ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዳለችው አራት ታመሙ። እኔም የአዋቂ ፊት ማሳየት ጀምሬ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን ሦስት አዲስ ታመሙ።

«አየሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ደስ አላላቸውም፤ ከፍቷቸው ነበር።

ልጅቷ አልተከራከረችም። ደብተሯን ገልጣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረችና ቀና አለች። «ሒሳቡን የሠራሁት እርስዎ በነገሩኝ ላይ ነው። በርሜሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚታመም አይኖርም ነበር። ያልነገሩኝ ውሃ አለ።»

ሽማግሌው ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ዞሩ። ጆንያ ገለጡና ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ሳፋ አሳዩን። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ የቢምቢ እጭ ይርመሰመስበታል።

«ርግቦቹን ታጠጣበት የነበረው ነው» አሉ፤ የሚናገሩት ስለ ሚስታቸው ነበር። «ያለውን ውሃ ሁሉ ስታስከድኚኝ ይህንንም ትጥይብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ተሳስቻለሁ። ዋሽቼሻለሁም።»

ልጅቷ ሳፋውን በሁለት እጇ ያዘች።

«የአክስቴን ሳፋ ማን ይጣል አለ? ቢምቢ ከእንቁላል ወጥታ እስክትበር ሳምንት ያህል ያስፈልጋታል። በየሁለት ቀኑ ደፍተው፣ ፈግፍገው፣ አዲስ ውሃ ይሙሉበት። ሒሳቡ ከዚህ በላይ አይጠይቅዎትም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ታመሙና በሽታው ቆመ። የሰፈሩ ሰውም አጎበሩ ላይ ስቆ ሲያበቃ የየራሱን በርሜል ከደነ፤ ቢምቢ ስለቀነሰ እኔ ራሴ በሰላም መተኛት ጀምሬያለሁ። ሽማግሌው ደግሞ ርግብ አርቢ ባገኙ ቁጥር «የታመመችዋ ስንት ታስይዛለች?» እያሉ መከራውን ያሳዩታል። ገምቶ ርግቦቹን ከመተው ቆጥሮ የበሽታውን መንገድ መዝጋት እንደሚሻል በማስተማር ልጅቷን በልጠዋል።

በቀደም ሳፋውን ሲፈገፍጉ ደረስኩባቸው።

«ከሞተች ወዲህ ይህን ዕቃ መንካት ከብዶኝ ነበር» አሉኝ፤ ቀና ሳይሉ። «ውሃው የከረመውም ለዚያ ነው። አሁን በየሁለት ቀኑ የእሷን ሥራ እሠራለሁ።»