ሳህኔን ማን ያየዋል?

…ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ መጀመሪያ ያየችው ግን እኛን አልነበረም። ሳህናችንን ነበር። ሲስተር ሙሚና ዝውውሯን ይዛ ከባቲ ወደዚህ ጤና ጣቢያ የመጣችበት ቀን ነው። ካርድ ክፍል ውስጥ የፍየል ጥብስ ከበናል። «አሰላሙ አለይኩም» አለች፤ መልሰን ሳንጨርስ፣ «ጎመኑስ?»

የምን ጎመን? ተሳሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከጥብሱም በላች። ይህን ዛሬ ብትክጂ፣ እህቴ፣ ምስክር አለኝ።

አስራ ሰባት ዓመት ሆነ። ቦርሳዋ ውስጥ ፓፓያ እንደማይጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙሐመድዘይን፣ ለስላሳህን ጠረጴዛ ሥር ደብቀህ ስትጠጣ እንዴት እንደያዘችህ ልንገራቸው? እሺ፣ ተውኩት። ይሄው በገዛ ሽኝቷ ለስላሳ ከልክላን የፓፓያ ጭማቂ ይዘን ቆመናል። ስኳር የለውም። ለምነናት ነበር።

አሁን ወደ ራሴ። ሳልናገረው ብቀመጥ ይቀለኝ ነበር፤ ግን…

እኔ የካርድ ክፍል ሰው ነኝ። የዚህ ከተማ ሰው ካርድ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሰገራዬ ላይ ደም እያየሁ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ኪንታሮት ነው ብዬ። አንድ ቀን መደርደሪያው ፊት መጥታ ቆመች።

«አንተ አደም፣ ያንተ ካርድ የት አለ?»

«የእኔ?»

«ከስተሃል። ካርድ አውጣ።»

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

በገዛ እጄ ለራሴ ካርድ ጻፍኩ። ጽሕፈቱ እስካሁን ጠማማ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር። ደሴ፣ ቀዶ ሕክምና። ከዚያ ኬሞ።

ስመለስ «ምን ልብላ?» አልኳት። ሰው የነገረኝን ተአምረኛ ቅጠል ሁሉ ዘረዘርኩላት።

«ቅጠሉን ለፍየሎቹ ተውላቸው» አለችኝ። «ምግብ ሕክምናህን አይተካም። ግን ሰውነት ውስጥ ሳይታይ የሚቆይ ብግነት፣ የውስጥ መቆጣት፣ አለ፤ አንዳንዱ ምግብ ያባብሰዋል፣ አንዳንዱ ያበርደዋል። ከሕክምና በኋላ የሚያባብሰውን ያዘወተሩ ሰዎች ዕድሜያቸው አጠር ብሎ ታይቷል። በልክ የበሉና የሚንቀሳቀሱ ደግሞ የተሻለ ቆይተዋል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ጥናት ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ብላ፣ ተራመድ፣ ቀጠሮህን እንዳታሳልፍ።»

ያንን «አይደለሁም» እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ እርግጠኛ ነበር።

እናም ማሾ በላሁ። ጎመን፣ ማሽላ፣ እንደገና ማሾ። ባጃጅም ተከለከልኩ። ሾፌሮቹ አጠገቤ ቀስ እያሉ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!» ሲሉኝ፣ «ሲስተርን ጠይቋት» እላለሁ። ጥለውኝ ይሄዳሉ።

በየስድስት ወሩ የክትትል ምርመራዬ ውጤት በፖስታ ታሽጎ ይመጣል። እኔ መክፈት አልችልም። ሞክሬአለሁ። እሷ ይዛው መርፌ ክፍል ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች። ስትወጣ «ማል ኛቴ?» ካለችኝ፣ ዛሬ ምን በላህ ካለችኝ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው። ስምንት ጊዜ ጠይቃኛለች። አልሐምዱሊላህ።

እህቴ፣ አመሰግንሻለሁ። ካርድ ስላስወጣሽኝ። የማታውቂውን አውቃለሁ ስላላልሽኝ። ልጄ ፊርደውስ ስትዳር ከፊት ወንበር ተቀምጬ አየሁ፤ እዚያም ሳህኔን መጥተሽ አይተሻል።

በሉ፣ ብርጭቋችንን እናንሳ። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ጓሮሽ አይድረቅ፣ እግርሽ አይድከም፤ ከልጅ ልጆችሽም አንዱ እንኳ ጎመን የሚወድ ይሁን። አሚን በሉ!

አሚን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት ፋይዛ ከላቦራቶሪ ፖስታ ሰጥታኛለች። ይህን ሁሉ ስናገር ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ የነበረው ለዚያ ነው። የሚቀጥለውን ኢንሻአላህ ራሴ እከፍታለሁ፤ እለምደዋለሁ። ዛሬ ግን እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ገና ሥራ ላይ ነሽ።

እንቺ።

ጭማቂሽን እዚያ አስቀምጪው፣ ማንም አይነካብሽም። መንገድ ልቀቁላት እባካችሁ። እኛ እዚሁ ነን፣ እህቴ፤ እንጠብቃለን።

ይሄው። በሩን ዘጋችው።